ትሪ ይዛ የምታልፈዋ ልጅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የስልክ ቁጥር ነው። በአፌም ቢሆን ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ባለፈው ወር ግን የአክስቴን የዘሃራን ቤት ከእናቴ ጋር ስናጸዳ ከአልጋው ሥር አንድ ትሪ አገኘሁ፤ ጠርዙ ወርቅማ፣ መሐሉ ላይ ቀይ ጽጌረዳ የተሳለበት። አቧራውን በቀሚሴ ጠርጌ ሳሸተው ያ የድሮው ሽታ፣ በረኪናና ሽቶ የተደባለቀበት፣ አሁንም አልለቀቀውም። እናቴ "ጣይው" አለችኝ። አልጣልኩትም።

አክስቴ ዘሃራ የእናቴ ታላቅ እህት ነበሩ። ዓረብ አገር ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርተው ሲመለሱ ወገባቸው ተጎድቶ ነበር፤ ያተረፉት ነገር ይህ ትሪና ከደሴ እስከ መካነ ሰላም አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የመጣ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። እሑድ ከሰዓት የሰፈሩ ልጃገረዶች ጭቃ የጠጣ ጫማችንን ደጃፋቸው ላይ ትተን፣ ከብርዱ የተነሳ ተጠጋግተን ምንጣፋቸው ላይ እንቀመጥ ነበር። መብራት የጠፋ እንደሆነ ፊልሙን እሳቸው ከሐሳባቸው ይጨርሱልናል፤ እሳቸው ሲጨርሱት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሞታል፣ ብዙውን ጊዜም እኛ የወደድነው ሰው።

አክስቴ ፊልም ሲያዩ ዋናዋን ተዋናይት አያይዋትም። ዓይናቸው የሚከተለው ከኋላ ትሪ ይዛ የምታልፈዋን ሠራተኛ ነው። ፊልሙ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚፈርዱት በእሷ ነበር። "እውነተኛ ሠራተኛ ትሪውን ስታስቀምጥ ወዲያው ቀጥ አትልም" ይሉናል። "ለቅጽበት ጠረጴዛውን በእጇ ትደገፋለች። ከንጋት ጀምሮ የቆመ እግር ያስገድዳታል።" ሠራተኛዋ ካልተደገፈች አለቀ፤ "ውሸት" ይላሉ፣ እኛ እንባችንን ገና ሳንጠርግ።

እናት መንታ ልጆቿን ፍለጋ ሃያ ዓመት የምትንከራተትበት የድሮ የህንድ ፊልም ላይ ተንሰቅስቀን ስናለቅስ፣ "ሃያ ዓመት መንገድ ለመንገድ ስትዞር ሻሿ አንዴ እንኳ አልቆሸሸም፤ አጣቢዋ የት አለች? እሷን አሳዩኝ" አሉ። በአማርኛ የተተረጎመው አዲሱ የቱርክ ተከታታይ ላይ ሠራተኛዋ በየበሩ ቆማ ምሥጢር ስታዳምጥ፣ "ይህን ሁሉ ስትቆም ሳህኑን ማን አጠበው?" ብለው ምሥጢሩን ሳንሰማ አስቀሩን። ከሁሉም አብልጠው የሚጠሉት ግን የአዲስ አበባዎቹን ፊልሞች ነበር። እዚያ ሠራተኛዋ ሁልጊዜ የገጠር ልጅ ናት፤ አነጋገሯ እንደኛ ነው፤ ፍሪጅ ስታይ ትደነግጣለች፤ ሰው ይስቅባታል። እኛም እንስቅ ነበር። "ሳቁ፣ ሳቁ" ይሉናል። "የምትስቁት በእናታችሁ አፍ ነው።"

አንድ ጊዜ ብቻ ሲያመሰግኑ ሰምቻለሁ። ቀለም የሌለው የድሮ የዓረብ ፊልም ነበር፤ ሠራተኛዋ ማድ ቤት ገብታ የጌቶቿን ትራፊ ቆማ በችኮላ ትጎርሳለች። ትሪውን ስታስቀምጥም ጠረጴዛውን ተደገፈች። አክስቴ "ይቺ የሚያውቅ ሰው ጠይቃለች" አሉ።

ምላሳቸው ለፊልም ብቻ አልነበረም። እያንዳንዳችን ፊልም ውስጥ ብንገባ ምን እንደምንሆን ያድሉን ነበር። አንዷን "አንቺ ገና ሲጀምር የምትሞችው ነሽ" አሏት። እኔ ሁልጊዜ ጥግ ይዤ ስለምቀመጥ "ፋጤ፣ አንቺ በሩ ነሽ። ሲከፍቱሽ ትከፈቻለሽ፣ ሲዘጉሽ ትዘጊያለሽ" አሉኝ። እስከ ዛሬ "በሩ" የሚሉኝ አሉ።

የማትፈራቸው ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ብቻ ነበረች። እሷ ፊልም የምታየው ለቤቱ ነው፤ ለመጋረጃው፣ ለመብራቱ፣ እግር ለሚውጠው ምንጣፍ። ዓረብ አገር ለመሄድ ጉዳይዋ ያለቀ ሰሞን አክስቴ ቴሌቪዥኑን አጠፉና ይህን ትሪ አወጡ። ብርጭቆ ደርድረው እስከ አፉ ውሃ ሞሉ፤ እሳቸው እንደ እመቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው "አምጪ" አሏት። ሰዓዳ እንደ ሙሽራ እየተራመደች አመጣች፣ አስቀመጠች፣ ቀጥ ብላ ፈገግ አለች።

"ውሸት" አሉ አክስቴ። "ድገሚ።"

ክንዷ እስኪዝል አመላለሷት። ውሃው ምንጣፉ ላይ ሲፈስ ልጆቹ በሳቅ ወደቁ።

"አክስቴ፣ የምሄደው እኮ ተዋናይ ልሆን አይደለም" አለች ሰዓዳ።

"እንግዲያ ምን ልትሆኚ ነው? ዱላ ጠግበሽ አድረሽ ለእናትሽ 'ደህና ነኝ' ማለት ምን ይባላል?"

"ቀንተው ነው። የእርስዎ ፊልም አልቆ የእኔ ሊጀምር ስለሆነ ነው።"

ልጆቹ ሳቃቸውን አቆሙ። አክስቴ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና የፈሰሰውን ውሃ በሻሻቸው ጠረጉ።

ሰዓዳ ከሄደች ከጥቂት ወራት በኋላ በእናቴ ስልክ በቪዲዮ ደወለች። ቤታችን ጎረቤት ሞላው። ከኋላዋ የሚንጠለጠል የብርጭቆ መብራት፣ ወርቃማ እግር ያለው ወንበር፣ ከላይ እስከ ታች የወረደ መጋረጃ፤ ልክ እንደተመኘችው። እናቴ "አልሃምዱሊላህ" እያለች ስልኩን ለሁሉም ታዞራለች። አክስቴ ጋ ሲደርስ መነጽራቸውን አድርገው እንደ ፊልም አዩት።

"ሰዓዳ፣ ቤቱ ያምራል" አሉ። "እስቲ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ በዪ።"

ሰዓዳ ሳቀች። "እሺ፣ ቆይ" አለች። ወንበሩን አየችው፤ ቀጥላ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። አልተቀመጠችም።

"ቁጭ በዪ እንጂ፣ ቤትሽ አይደል?"

ስልኩ ተዘጋ። ጎረቤቱ አንድ በአንድ ወጣ። እናቴ "እትዬ ዘሃራ፣ ልጄን በሰው ፊት አዋረዷት፤ ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጡ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓዳ ድምፅዋን ታሰማናለች እንጂ ፊቷን አሳይታን አታውቅም፤ እኔም አክስቴ ቤት እንዳልሄድ ተከለከልኩ። ቤታችን በአንድ ግድግዳ ስለሚገናኝ ግን እሑድ እሑድ ይሰማኝ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ይንጫጫል፣ በመሐሉ የእሳቸው ድምፅ፣ ማንም በሌለበት፣ "ውሸት" ይላል። ወገባቸው ጨርሶ አልጋ ላይ ሲጥላቸው ድምፁም ቀረ። እናቴ ቤታቸው የገባችው ለቀብራቸው ነው።

ዛሬ ሰፈሩ ውስጥ ስልክ የሌላት ልጅ የለችም። ሁሏም ፊልሟን ጥጓን ይዛ ብቻዋን ታያለች፣ ብቻዋን ታለቅሳለች፣ ውሸት ነው የሚላት የለም። ከልጆቹ ግማሾቹ ወደዚያው ዓረብ አገር ሄደዋል። እኔ ፊልም ሳይ ታሪኩ አይገባኝም፤ ትሪ ይዛ የምታልፈዋን ስጠብቅ ያልቃል።

ትሪውን ባገኘሁ ማግስት ሰዓዳ ደወለች። እናቴ ገበያ ነበረች። ድምፅዋ ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣ ይመስላል። "አክስቴ እንዴት ናቸው?" አለችኝ። እናቴ ሞታቸውን አልነገረቻትም ነበር፤ እኔም ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልወጣ አለ። በሩ አልተከፈተም። እሷ ዝምታዬን ስለለመደችው አልገረማትም። ሰው ሲጠራት ይሰማኛል፤ ተቻኮለች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይነሳም።

"ፋጤ፣ ለአክስቴ ንገሪያቸው" አለችኝ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት። "ትሪውን ሳስቀምጥ እኔም ጠረጴዛውን እደገፋለሁ በያቸው።"