ለቅሶ ቤት የተለማመድኩት ቃለ መጠይቅ

መልእክቱ ስልኬ ላይ ሲመጣ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ለአውሮፕላን ጥገና ሥልጠና አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅ ቅረብ ይላል። አነበብኩትና ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ታላቅ ወንድሜን ከቀበርን ገና ሳምንት አልሞላንም። ማመልከቻውን ያስገባልኝ እሱ ነበር።

አያ ነበር የምለው። ከወልዲያ ወደ ቆቦ ሲመለስ፣ ከጎብዬ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ የተሳፈረበት ሚኒባስ ፍሬን እምቢ አለ። ከተረፉት አንዱ ለቅሶ መጥቶ ሲያወራ ሰማሁ። ሹፌሩ ጠዋት ፍሬኑን አሠርቶ ነበር አለ። መካኒኩ ጎማውን በእግሩ መታ አድርጎ፣ "ሆኗል፣ ሂድ" አለው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለ አያ ብቻ አይደለም። እኔ ልማር የምሄደው ያንኑ ቃል የሚናገር ሰው ለመሆን ነው። ሆኗል፣ ሂድ።

ማጥናትም አልቻልኩም። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ደብተር ስከፍት አንዱ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል፤ "አትተክዝ፣ ቀኑ ደርሶ ነው፣ ምን ይደረጋል" ይለኛል። የሚገባውም የሚወጣውም የሚለው ይህንኑ ነው። እናቴ ለሁሉም "እሱስ ነው" እያለች ራሷን ትነቀንቃለች።

አንድ ከሰዓት ንፍሮ እየቆረጠሙ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ደብተሬን አዩ። ጎረቤታችን ባጃጅ ነጂው ካርታውን አስቀመጠ።

"በቃ፣ እኛ እንፈትነው። አባባ ሊቀመንበር ይሁኑ።"

አባባ የምንላቸው ከቤታችን ጀርባ የሚኖሩት ሽማግሌ ናቸው። "ወላሂ እኔ አውሮፕላን የማውቀው ከሥር ሆኜ ነው" አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሺ፣ ሞተሩ ስንት ኩንታል ማሽላ ይጭናል?"

"አባባ፣ ሞተሩ እኮ አይጭንም።"

"ወድቋል! ቀጣዩን አስገቡ!"

ድንኳኑ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የፊዚክስ አስተማሪዬ ግን ነገሩን የምር አደረገው። ክንፍ አውሮፕላኑን እንዴት እንደሚያነሣ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ስለ ነዳጅ ጠየቀኝ፣ እየተንተባተብኩም ቢሆን መለስኩ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"አንተ አይተህ ያሳለፍከው አውሮፕላን ወደቀ እንበል። ፈታኞቹ ፊት ቁመሃል። ለምን ወደቀ?"

አፌን ከፈትኩ። ምንም አላሰብኩም። ከጠዋት እስከ ማታ ስሰማው የከረምኩት ነገር ራሱ ወጣ።

"ቀኑ ደርሶ ነው" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ባጃጅ ነጂው ካርታውን አንሥቶ ማየት ጀመረ። አስተማሪዬ መሬት መሬት አየ። ከሴቶቹ በኩል የእናቴ ድምፅ መጣ።

"እሱን እዚያ እንዳትል።"

"እማ፣ እኔ..."

"እኔ ልበለው። እኔ እሱን ካላልኩ አላድርም። አንተ ግን እንዳትል።"

የምሄድበት ጠዋት እናቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። የወልዲያው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። በዚያው ቁልቁለት ነው የምናልፈው። ስንሄድ ዳገት ነው፣ ዳገት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በሩ ጋ ስደርስ ሳላስበው ሹፌሩን ጠየቅሁት።

"ፍሬኑን ማን አየው?"

"የኔ ጌታ፣ ትራፊክ ነህ እንዴ? ግባ እንጂ!"

"ፈርቶ ነው!" አለ ረዳቱ። "ጋቢና ስጡት፣ የሹፌሩን እጅ ይዞ ይሂድ!"

ተሳፋሪው ሳቀ። አፍሬ ልገባ ጎንበስ ስል እናቴ በሩን ያዘች።

"ጠይቆሃል እኮ" አለችው ሹፌሩን።

"እናቴ፣ ትናንት ነው ያሠራሁት። ደግሞ በእግዜር ነው የምንሄደው።"

"እግዜርን ተወውና ውረድ፣ እይ።"

ሹፌሩ ሊመልስላት ነበር። የለበሰችውን ጥቁር ሲያይ ወረደ። ከፊት ጎማው ጎን ተቀመጠ፤ እኔም ሻንጣዬን ጥዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የፍሬን ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ከጎማው ጀርባ ይረጥባል። ይህን ያሳየኝ አያ ነው፣ በጎረቤታችን ባጃጅ። እጄን ሰደድኩ። ሳወጣው አቧራ ብቻ ነው።

"እህ?" አለች እናቴ።

ሆኗል ልላት ነበር። ሰው ሁሉ ይጠብቀናል፣ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ይነፋል።

"ይሄኛው ደረቅ ነው፣ እማ" አልኳት። "ሌሎቹን አላየሁም።"

"እያቸዋ" አለች፣ በሩን እንደያዘች።