የጋሽ ምን ይሆን የቁልፍ ቀዳዳ

ልብስ ሰፊው እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ሰፈሩ ግን «ጋሽ ምን ይሆን» ብሎ ሌላ ጨመረለት። አይፈረድባቸውም። ደመና ሲያይ ጣሪያው ምን ይሆን፣ ስልክ ሲጠራ ማን ሞቶ ይሆን፣ ደንበኛ ሲዘገይ መኪና ገጭቶት ይሆን። ሳይመቱት የሚያለቅስ ሰው ነበር።

ጉዱ የሚወጣው መቀስ ሲይዝ ነው። በጨነቀው ቀን ጨርቁን መገልበጥ ይረሳና ሁለቱንም እጅጌ ለግራ እጅ ይቆርጣል። ሁለት ግራ እጅ ያለው ሰው ደግሞ እስካሁን አልተወለደም። አንድ ቀን የሙሽራ ኮት እንዲህ አበላሽቶ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ፣ አብራው የምትሠራው ሚስቱ አልጮኸችበትም። መቀሱን ከእጁ ወሰደችና ሌላ፣ ሊያልቅ የተቃረበ ኮት ጭኑ ላይ ጣል አደረገችለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሲጨንቅህ አትቁረጥ። የቁልፍ ቀዳዳ ስፋ።»

ከዚያ ወዲህ ቀዳዳውን እሷ ትሰነጥቃለች፣ እሱ ዙሪያውን በእጁ ይሰፋል። ይህ ሥራ ጥድፊያ አይወድም። ክሩ አንዴ ከጠበቀ፣ አንዴ ከላላ ያስታውቃል፤ እጅ እንዲረጋ ትንፋሽ መርጋት አለበት። ፍርሃቱ የትም አልሄደም፤ ግን ሥራ ያዘ። ውሎ አድሮ «የሱ ቀዳዳ ኮቱ ቢያልቅ አይተረተርም» ተባለለት፤ ሌሎች ሰፊዎች ሳይቀሩ ኮት ይልኩለት ጀመር። ሰዉ እጁን ያደንቃል። ብዙ ቀዳዳ የሠራበት ሳምንት ክፉ ሳምንት እንደነበር የምታውቀው ግን ሚስቱ ብቻ ነበረች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? ሚስቱ ሆዷን ታመመች። ሐኪሙ «እጢ ነው፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል» አለ። በቀጠሮው ጠዋት ጋሽ ምን ይሆን አልጋዋ ላይ ተደፍቶ ሲንሰቀሰቅ ደም ግፊቷ አሻቀበና ኦፕራሲዮኑ ተላለፈ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻው ጠራው።

«አባት፣ እርስዎ ሲያለቅሱ የሳቸው ግፊት ይጨምራል። በሚቀጥለውም እንዲህ ከሆነ ልከፍታቸው አልችልም። እጢው ደግሞ አይጠብቀንም።»

ምስኪን! የፈራውን ሁሉ ቆጥሮ ያውቃል፤ ራሱን ግን ፈርቶ አያውቅም ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ፣ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ቀዳዳውን ሰንጥቃ የተወችውን ኮት ይዞ መጣ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ መስፋት ጀመረ። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፣ እጁ ግን ክሩን እኩል ይስባል። እሷ እጁን ታያለች። ነርሷ ግፊቷን ለክታ «ጥሩ ነው» አለችና በተሽከርካሪ አልጋ እየገፋች ወሰደቻት። እሱም ኮሪደር ወጥቶ መስፋቱን ቀጠለ።

ሐኪሙ የወጣው ከታሰበው ቀደም ብሎ ነው። ጋሽ ምን ይሆን ይህን እንደ መልካም ምልክት ቆጠረው፤ በሕይወቱ አንዴ መልካም ቢያስብ።

«ከፍተን ዘጋነው፣ አባት» አለ ሐኪሙ። «ጉበታቸውን ይዞታል። ልናወጣው የምንችለው አልነበረም። ጥቂት ወራት ቢቀራቸው ነው። እኔ ልንገራቸው?»

«ተወው፣ እኔ እነግራታለሁ» አለ። አፉን ከየት እንዳገኘው እሱም አያውቅም።

እስክትነቃ ድረስ አጠገቧ ሆኖ ውሸት ሲያዘጋጅ ቆየ። «ተሳክቷል፣ እንኳን ማረሽ» ሊላት። ደጋግሞ በልቡ አለው፤ ጥሩ ወጣለት። ወደ ማታ ግድም ዓይኗን ገለጠች። ፊቱን አላየችም፣ እጁን አየች።

«ያው ኮት ነው?»

«ያው ነው።»

«ስንተኛው ቀዳዳ?»

«የመጨረሻው።»

 ያ ሁሉ ያጠናው ውሸት ሳይነገር ቀረ። ይህችን ሴት በምን አፉ ይዋሻታል? ዕድሜዋን ሙሉ ከፊቱ ይልቅ ስፌቱን ስታነብ የኖረች ሴት ናት።

«እንግዲያው አትቸኩል» አለችው፤ ድምፅዋ ደክሟል። «እሱን ጨርስና ትነግረኛለህ።»

እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። እሱም ሰፋ። እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ፣ እንደዚያ ቀን አሳምሮ ሰፍቶ አያውቅም። መጨረሻ ላይ ክሩን ቋጠረ፣ በጥርሱ በጠሰው፣ መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካው። ከዚያ ነገራት።