ጀርባዋ ያልነካው ወንበር

የመኪና ወንበር በመስፋት የሚተዳደር ሰው ነው። ሰፈሩ ስፖንጅ ይለዋል፤ እሱም እናቱ ካወጣችለት ስም ይልቅ ለዚህኛው ፈጥኖ ዞር ይላል። መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሞተሩን ለመካኒክ ካሳየ በኋላ ወንበሩን ለስፖንጅ ያሳያል። ስፖንጅ ከሾፌሩ ወንበር ጀምሮ አያውቅም፤ የሾፌር ወንበር ገዢ አባባይ ነው ባይ ነው። በቀጥታ ከኋላ ይገባና ጉልበቱ ከፊተኛው ወንበር ጋር ምን ያህል እንደሚራራቅ አይቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። አንዳንዴ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ ይላል። ያኔ ለመኪናው ተመሰከረለት ማለት ነው።

ያረጀ ወንበር ሲመጣለት ደግሞ ባለቤቱን ሳያይ ጠባዩን ይናገራል። መሃሉ የሰመጠ ከሆነ ሰውየው ኑሮ ተስማምቶታል። አንድ ጎኑ ብቻ ያለቀ እንደሆነ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ የሚነዳ ጉረኛ ነው። የፊት ጠርዙ ብቻ ካለቀ ግን ተቀማጩ ወደሚሄድበት መሄድ የማይፈልግ ሰው ነው። ሚስቱ ይህን በሰማች ቁጥር፣ እንደው ጠንቋይ ሆነህ ብትቀር ይሻለን ነበር እያለች ትስቅበታለች።

እንዲህ ያለው አዋቂ ታዲያ ለገዛ እናቱ ወንበር መምረጥ አቃተው።

እናቱ ረጅም፣ ጉልበቷን ቁርጥማት የሚይዛት ሴት ናት። ታናሽ እህቷ የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ ከተማ ከልጇ ጋር ትኖራለች። እህትማማቾቹ በአንድ ጠባብ አልጋ ነው ያደጉት፤ ታናሺቱ ሌሊቱን ሙሉ በክርኗ እየጎሰመች “ጠጋ በይ” ስትላት እንደኖረች እናትየው ሳታወራ አትውልም። በዚያ ሰሞን የአክስቱ ልጅ ደወለ። አክስትየው መርሳት ጀምራለች፤ ሳይብስባት እህቷ መጥታ ብታያት ጥሩ ነው አለ። እናትየው፣ “በምን መኪና? ጉልበቴን የሚችል ሲገኝ እሄዳለሁ” አለች።

ስፖንጅ እጅጌውን ሰበሰበ። የወንበር ነገር ከሆነማ ለእሱ የተተወ ነው።

መጀመሪያ የክብሪት ሳጥን የምታክለውን የራሱን አሮጌ መኪና አቀረበ። እናቱ ከኋላ ገብታ፣ ጉልበቷና አገጯ ሰላም መባባላቸውን አስታውቃ ወጣች። ከዚያ በኋላ የደንበኞቹን መኪና ሁሉ፣ ሥራውን ጨርሶ ከማስረከቡ በፊት፣ እቤቱ ደጃፍ እያቆመ ያስቀምጣት ጀመር። የመስክ መኪናዋ ውስጧ አዳራሽ ነው፤ መሳፈሩ ግን ግንብ መዝለል ሆነባት። ቆዳ የለበሰውን የቤት መኪና ሰው የሚውጥ ረግረግ አለችው። ሚኒባሱ ለእግር ሰፊ፣ ለጀርባ ችካል ነው። የፒካፑ ጋቢና እንኳ ደህና ነበር፤ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ካገኛችሁ እኔን ከኋላ ከዕቃው ጋር ልትጭኑኝ ነው ብላ ወረደች።

በመጨረሻ የአንድ የሙዚቃ መምህር መኪና መጣች። ሰፊ ናት፤ በሯም ወለል ብሎ ይከፈታል። እናትየው ጋቢና ተቀምጣ፣ “ትንሽ ከፍ ቢል ኖሮ” አለች። ስፖንጅ ሌላ ቃል አልጠበቀም። ወንበሩን ፈትቶ አንድ ንጣፍ ስፖንጅ ደረበበት። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ማየት ዓይኑን ስለሚወጋው የሾፌሩንም እኩል ከፍ አደረገው። እናቱ በምትቀመጥበት ወንበር መደገፊያ ላይ የሚሰፋበትን መስመር በጠመኔ አሰመረና እናቱን ዳግመኛ አስቀመጣት። አሁን ደግሞ ጣራው ቀረበኝ አለች።

የደረበውን ሳያወጣ መምህሩ ቸኩሎ ደረሰና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሰውየው ደግሞ የመብራት ምሰሶ ነው። ብዙም ሳይቆይ አንገቱን እንደ ዋሽንት ነፊ ሰብሮ ተመለሰ።

“ስፖንጅ፣ መኪናው ነው ያጠረው ወይስ እኔ ነኝ ያደግሁት?”

ስፖንጅ አፍሮ እውነቱን ተናገረ። መምህሩ አንገቱን እያሸ፣ እናትህ እስካሁን ስንት መኪና ሞከሩ አለው።

“ያልሞከረችው አምቡላንስ ብቻ ነው፣ መምህር።”

እየሳቁ ወንበሩን መፍታት ሲጀምር ስፖንጅ እጁ ቆመ። በእናቱ ወንበር መደገፊያ ላይ ያሰመረው ጠመኔ እንዳለ ነው። ጠመኔ ሸሚዝ ሲነካው ይጠፋል፤ ይሄኛው ግን ቅንጣት አልደበዘዘም። የእናቱ ጀርባ ወንበሩን አልነካውም ማለት ነው። የሌሎቹን መኪኖች አንድ በአንድ አስታወሰ። በሁሉም ላይ የተቀመጠችው ከፊት ጠርዙ ላይ ነበር።

እቤት ሲደርስ እናቱ መስኮቱ አጠገብ ነበረች። ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።

“እማዬ፣ ወንበሮቹ ምንም አላሉሽም። አንቺ ነሽ ያልተቀመጥሽባቸው።”

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

“ካላወቀችኝስ?” አለች። “ልጅ ሆኜ የሚያውቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት የቀረችው።”

የመለሰችላት ከጓዳ ስትሰማ የነበረችው ሚስቱ ናት፤ “እሷ ካላወቀችዎት እርስዎ ያውቋታል፣ እማማ” አለቻት።

በማግስቱ ተነሱ። ከመምህሩ ወዲህ የሰው መኪና ስለማይታሰብ በክብሪት ሳጥኗ ሄዱ። እናትየው መንገዱን ሙሉ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች ነው የደረሰችው።

አክስትየውን ጠጉሯን ተበጥራ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ አገኟት። እህቷን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው “እንደምን ዋሉ?” አለቻት። እናትየውም እንደ እንግዳ፣ ደህና ነኝ ብላ መለሰች። ስፖንጅ የእንግዳ ሰላምታው ከብዶት፣ አየር ላናፍሳችሁ ብሎ ሁለቱንም ከኋላ አስገባቸው። ሁለት ረጃጅም ሴቶች፣ አራት ጉልበት፤ በሩን የዘጋው በትከሻው ገፍቶ ነው።

ገና ከሰፈሩ ሳይወጡ ከኋላ አንድ ክርን እናቱን ጎሰማት።

“ጠጋ በይ እንጂ። ዘላለም ቦታውን ብቻሽን!”

ስፖንጅ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ።

“ወዴት ልጠጋ?” አለች እናቱ። “በሩ እኮ ነው።”

“ሁልጊዜ እንደዚሁ ነሽ” አለች አክስትየው።

ስፖንጅ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አየ። የእናቱ ጉልበት ዛሬም አገጯ ጋ ነው። ጀርባዋ ግን መደገፊያው ላይ ተለጥፏል።