አንዲት ስንኝ የጎደላት ሸክላ

አሥራ አንድ ዓመት ፈረንሳዮች ቤት ወጥ ሠርቻለሁ። ፈረንሳይኛዬ የሽንኩርትና የድስት ነው፤ ኮልፌ ግን አስተርጓሚ አድርጋኝ አረፈችው። ዋናው ሙያዬ ሙሾ ማውረድ ነው። የሰፈሩን ሟች ሁሉ ያስለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ያወረድኩት ግጥም ደግሞ አይጠፋኝም።

ፈረንሳዮቹ በስድሳ ሰባት ሲሄዱ አንድ ሸክላ ተዉልኝ። ከበሮው ያስደነግጣል፣ ዘፋኞቹ ይጮሃሉ። ማዳም «ቋንቋውን ራሳቸው ናቸው የፈጠሩት፣ ትርጉም አትፈልጊለት» ብላኛለች። ጎረቤቴ አምሐ፣ አስተማሪው፣ ወደደውና አዋስኩት። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በአሰሳው፣ የቀበሌ ጥበቃዎች ሸክላውን እሱ ቤት አገኙት። «የጠላት መልእክት ነው» ብለው አሰሩት። እኔ እንድተረጉም ቀበሌ ተጠራሁ። አምሐ ከንፈሩ አብጦ ጥግ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ይመር እዚሁ ሰፈር ያደገ ነው፤ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ግን ፊቱ አይፈታም።

«እትዬ ተሻለች፣ አንዲት ቃል ቢዋሹ እርስዎም ከሱ ጋር ነዎት» አለኝና የማጫወቻውን መርፌ ሸክላው ላይ አስቀመጠ።

ትርጉም የለውም ብል የምስጢር ቋንቋ ነው ሊሉ ነው፤ አምሐ አለቀለት። ከድሮ ሙሾዎቼ አንዱ አፌ ላይ መጣልኝ፤ እሱኑ ለቀቅኩት።

«ስለ አንዲት ድሃ እናት ነው። እንጨት ተሸክማ ልጇን አስተማረች፤ በባዶ እግሯ ሄዳ ለሱ ጫማ ገዛች...»

ይመር እየጻፈ ነበር። እስክሪብቶው ቆመ።

«እንደገና» አለ። ሸክላውን ከመጀመሪያው አስነሳው። «አንድ ቃል እንዳይዛነፍ!»

ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ጀመርኩ። እንጨቱን አልኩ። ጫማው ላይ ስደርስ ድንገት ትዝ አለኝ። ይህን ሙሾ ማን ቤት ነበር ያወረድኩት? እማማ ጤናዬ ቤት። የይመር እናት ለቅሶ ላይ፣ እሱም ተቀምጦ! ወይ እኔ ጅሏ! ቀና ስል ዓይኑን ተክሎብኛል። ብቆም አምሐን ገደልኩት፣ ብቀጥል ራሴን። እንደምንም ጨረስኩ።

ይመር ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታ።

«የጭቁን እናት ዘፈን ነው። ፍቱት» አላቸው ጥበቃዎቹን።

የአምሐን እጅ ይዤ በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ። ቀና አላለም።

«እትዬ ተሻለች፣ ሁለቱንም ጊዜ አንዲት ስንኝ ዘለዋል። ‹ልጄን ጥሩልኝ› እያለች ሞተች ያሉትን።»