ኤሌክትሪክ ሲጋብዙኝ

ከሮቤ የወጣሁት በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ጎህ ሲቀድ። እናቴ የገብስ ጭኮ በቅቤ አሽታ፣ አንድ ጣሳ ሙሉ አስታቀፈችኝና አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ «ትንሽ ልጨምርልሽ» እያለች ስትጠቀጥቅ ነበር። «በቃኝ» ብል ማን ሰምቶኝ! ዲንሾ ስንደርስ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ብርድ ያወቅኩ መሰለኝ። የጀርመንን መቼ አየሁና!

ጀርመን አገር ሥራዬ የሆስፒታል አንሶላ ማጠብ ነበር። አንድ ቀን እርጥቡን ክምር ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለ። ሥራ ከሌለሽ የመኖሪያ ፈቃድ የለሽም፤ ፈቃድ ከሌለሽ ወደ አገርሽ! ሐኪሙ ኤሌክትሪክ አዘዘልኝ። ያ አላህ፣ ጥፋቴ ምንድን ነው? አልኩ።

ሽቬስተር የሚሏት ነርስ ወገቤ ላይ ሁለት እርጥብ ጨርቅ በሽቦ ታያይዝና ሬዲዮ የምታክል ሳጥን ትከፍታለች። ቆዳዬን ጉንዳን የወረረው ይመስል ይነዝረኛል። «ገኑክ?» ትላለች፤ በቃሽ? ማለቷ ነው። እኔ አሳዳጊ ያልበደለኝ፣ ገና ሲቀርብልኝ ጨምሪ እላለሁ እንዴ? «በቃኝ፣ በቃኝ» እልና «በሞቴ፣ ትንሽ ብቻ!» እስክትለኝ እጠብቃለሁ። እሷ እቴ! እዚያው ላይ ትታው ጋዜጣዋን ታነባለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረምኩ፤ ወገቤም እንደታመመ።

የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ተጠራሁ። ጸሐፊው ወረቀቴን እያየ «ኤሌክትሪኩም አልሠራልሽም» አለኝ።

«አልጠገብኩትማ!»

«ምኑን?»

«ኤሌክትሪኩን።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ታዲያ ለምን ጨምሩልኝ አላልሽም?»

«በሰው ቤት? እንዴት ብዬ!»

ብዕሩን መልሶ አነሳና ለሕክምናዬ አንድ ሳምንት ጨመረልኝ። እሱስ ሳልለምነው!

በማግስቱ በሀፍረት እየተሸማቀቅኩ ነርሷን «ጨምሪልኝ» አልኳት። ጨመረች። «ጨምሪ!» ንዝረቱ እስከ ጭኔ ሲወርድ ያ ሲወጋኝ የከረመው ሕመም ቀስ እያለ ራቀኝ። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቃችሁ። በሳምንቱ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ፣ ሥራዬም ተመለስኩ፣ ፈቃዴም ታደሰ።

ሊመልሱኝ ነው ብዬ ለእናቴ ጽፌ ስለነበር ጎባ ቴሌ ድረስ አስጠራኋት።

«እማ፣ ዳንኩ! ፈቃዴን አደሱልኝ!»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሀሎ! ሀሎ!» አልኩ።

«አለሁ፣ ልጄ» አለች። «ክፍልሽን ኖራ አስቀብቼው ነበር።»