መካን የተባለው ኩሬ

ከትክል ድንጋይ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው መንደር የፋንታሁንን ያህል መካንነትን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሚስቱ የትነበርሽ ሳትወልድ ስትቀር መካን ናት አለ። ላሙ ስትዘገይ መካን ናት አለ። ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ማርባት ጀምሮ የዓሣ ጫጩት ቢያጣ ደግሞ፣ ምን ይላል፣ ኩሬው መካን ነው አለ። በዚያ ግቢ ምርመራ የማያስፈልገው ፍጡር እሱ ብቻ ነበር።

ዓሦቹን የሸጠለት አንድ መንገደኛ ነጋዴ ነው። እንደ ሙክት ይሰባሉ ብሎት ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ሰቡ። ሙክት ምን እንደሚጎድለው ግን ፋንታሁን አልጠየቀም።

የትነበርሽ በበኩሏ ያልሄደችበት ጠበል የለም። በክረምት በጭቃው፣ በበጋ በአቧራው፣ ሁልጊዜ ብቻዋን። ጎንደር ሄዳም ተመርምራ "ምንም የለብሽም" ተብላለች። ይህን ስትነግረው "ሐኪም ደግሞ ምን ያውቃል!" አላት። እሱ ግን ያውቃል፤ ማን እንደነገረው እንጃ።

ለኩሬው ያደረገው ሕክምና ለሚስቱ ካሰበላት ብዙም አይለይም። መጀመሪያ ጠበል በጀሪካን አስመጥቶ አፈሰሰበት፤ ተሸካሚዋ ማን እንደነበረች መናገር አያሻም። አልሆን ሲል ሴቶቹን ዓሦች ለቅሞ ለጾም ወደ ጎንደር ምግብ ቤቶች ላከና በምትካቸው ከጎርጎራ ሌሎች ሴቶች አስመጣ። ወንዶቹን አልነካቸውም። ወንዶቹማ ምን እንከን ይወጣላቸዋል! አዲሶቹ ሴቶች እንቁላል ጥለው እንደ ልማዳቸው በአፋቸው ቢይዙትም አንድ ጫጩት አልወጣም።

ዓሣ ቀይሮ ያልተሳካለት ሰው ሚስት ለመቀየር ተነሣ። የትነበርሽን አሰናብቶ ሌላ ሊያገባ ሽማግሌ ጠራ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ አላምረውና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ኩሬው አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። የትነበርሽ ራቅ ብላ ቆመች። ልብሷን በጠዋት አስራ ጨርሳለች። እናት አባቷ አርፈዋል፤ ከዚህ ቤት ብትወጣ የምትገባበት የላትም፣ እና ፈርታለች።

የወረዳው የዓሣ ባለሙያ ሰርካለም የደረሰችው ይሄኔ ነው። በቀደም ከኩሬው የወሰደችውን የዓሦቹን ደም ጎንደር አስመርምራ፣ ውጤቱን ልትናገር መጥታለች። ሽማግሌዎቹም ከፍቺ ወሬ የዓሣ ወሬ ይሻላል ብለው ጆሯቸውን ሰጧት።

"አያ ፋንታሁን፣ ኩሬው ጤነኛ ነው" አለች። "ዓሣም እንደ እኛ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ የክሮሞሶም ስብስብ ይወርሳል። ዘር ሲሠራ ሁለቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይካፈላሉ። የእርስዎዎቹ ግን እንዲሰቡ ተብሎ ገና በእንቁላልነታቸው ሦስት ስብስብ እንዲይዙ ተደርገዋል። ሦስተኛው ጥንድ ያጣል፤ ክፍፍሉ ይዛባል፤ ዘሩም ይበላሻል።"

"ሴቶቹን እኮ ቀይሬያቸዋለሁ!" አለ ፋንታሁን።

"የጎርጎራዎቹማ ደኅና ናቸው። ችግሩ ያለው ወንዶቹ ላይ ነው። ቀለማቸውን ያሳምራሉ፣ ጎጆ ይቆፍራሉ፣ ሌላውን ያባርራሉ። ዘራቸው ግን ጫጩት አይሆንም።"

አያ አላምረው አንገታቸውን ወደ ኩሬው አሰገጉ። አንድ ደረቱ የቀላ ቆሮሶ ጭቃውን እየማሰ የቀረበውን ሁሉ ያሳድዳል። ሽማግሌው ብዙ አዩት።

"ምነው ፋንታሁን፣ አንተስ ተመርምረህ ታውቃለህ?"

"እኔ? እኔማ ወንድ ነኝ!"

"ይኼም ወንድ ነው" አሉ ወደ ውሃው እያመለከቱ።

ከየትነበርሽ በቀር የሳቀ አልነበረም። ሳቋ መሀል ላይ እንባ ሆነ፤ ያን ሁሉ ዓመት ያንን ሁሉ መንገድ በከንቱ መሄዷ አንጀቷን በላው። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተንሾካሾኩና ፋንታሁን ጎንደር ሄዶ ሳይመረመር የፍቺ ወሬ አንሰማም ብለው ተነሡ።

ፋንታሁን አቀርቅሮ ቀረ። የትነበርሽ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ አጠገቡ መጣች።

"በል ሂድና ተመርመር" አለችው። "ካንተ ቢሆንም አትፍራ። እኔ መካን ብዬ ከቤት አላስወጣህም።"