ለዛፎቹ ያልተነገረው ሞት

ኦቲሊያን የምናውቃት ከመልኳ ይልቅ በድምፅዋ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በየምሰሶው በሰቀለው ድምፅ ማጉያ ማታ ማታ የምታነብልን እሷ ናት፤ ጫጩት ሻጭ ሲመጣ፣ ውሃ ሲቋረጥ፣ የአየር ትንበያ ሲወጣ፣ ሰው ሲሞት። ለሞት ብቻ መጀመሪያ የሐዘን ሙዚቃ ታሰማለች።

በአያቶቻችን ጊዜ አባወራ ሲሞት አንድ ሰው ጓሮ ወርዶ የየዛፉን ግንድ እየነካ «ጌታህ ሞቷል» ይል ነበር። ያልተነገረው ዛፍ ሟቹን ይዞ አይለቅም ይባላል። ድምፅ ማጉያው ከመጣ ወዲህ ማን ይለፋል! ኦቲሊያ ስሙን ስትጠራ ዛፉም ንቡም አብሮ ይሰማል።

ባሏ ቬንደሊን የካቲት ላይ ሲሞት ግን ስሙን አልጠራችም። ቀበርነው፤ ምሰሶው ዝም አለ። እኔ ምላሴ አያርፍምና ጠየቅኳት።

«ሁሉም ያውቃል፤ ለማን ብዬ ላውራ፣ ፊሎሜና?» አለችኝ።

ሚያዝያ ላይ ፍሬውን ሸጠን የምንኖርበት የአፕሪኮት ዛፍ ሁሉ አበበ። ማክሰኞ ማታ ኦቲሊያ የሳምንቱን ትንበያ አነበበች፦ «ደቡቡ አካባቢ ቀዝቀዝ ብሎ ይሰነብታል። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ጸጥ ይላል። በረባዳ ቦታዎች ውርጭ ያሰጋል።» ባር ባር አለኝ። የዓመት እንጀራችን እዚያ አበባ ላይ ነው።

ረቡዕ ማለዳ እርጥብ ጭድ አጨስን። ጭሱ ዓይናችንን አጠፋው እንጂ አበባውን አላዳነውም። ፀሐይ ስትወጣ የኔን አፕሪኮት እንደ ተቁላላ ሽንኩርት ቡኒ ሆኖ አገኘሁት።

የኦቲሊያ ጓሮ ከሁላችንም ዝቅ ያለ፣ ብርድ እንደ ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው። እሷ ክብሪት እንኳ አልጫረችም፤ አበባዋ ግን አንድም አልተነካም። በአጥሩ ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው፤ ምን እዋሻለሁ። ቀጥሎ ሣሩን አየሁ። በነጩ ውርጭ ላይ የሰው ዱካ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዞራል። ከበሩ የመጣ ዱካ የለም፤ ወደ በሩ የሄደም የለም።

«ቬንዶ ነው» አለችኝ ባሏን አቆላምጣ፣ ከደጃፏ ላይ፣ ፊቷ በርቶ። «ውርጭ ሲመጣ ግንዳቸውን እያሻሸ ያድር አልነበር?»

«ሂጂ ተኚ አንቺ ሴትዮ! እንቅልፍ አጥተሽ ነው።»

እኔ በመናፍስት አላምንም፤ የማምነው በውርጭ ነው። ቢሆንም ያን ቀን ለዚያ ጓሮ ጀርባዬን አልሰጠሁም።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ንብ አርቢውን ሽማግሌ ብላዤይን ይዤ ሄድኩ። አበባው እንዳለ ነው። ዱካው ግን ተለውጧል፤ አንደኛው እግር እየተጎተተ ሄዷል። የመጨረሻው ዛፍ ሥር ሣሩ ላይ ሁለት ጉልበትና ሁለት መዳፍ ታትሟል።

ብላዤይ ኮፍያውን አወለቀ። «ኦቲሊያ እህቴ፣ ሰውየው ዳሌውን ያመው አልነበር? ቅጥር ሠራተኛ እንኳ እሑድ ያርፋል። አንቺ ሞቶም ታሠሪዋለሽ?»

«ከተናገርኩ ይሄድብኛል።»

«ይሂዳ! ለሰው ሞት ታነቢያለሽ፤ የራስሽ ሲሆን ምላስሽን ውርጭ መታው?»

ሰደበችው ብዬ ስጠብቅ ተንበርክካ እጇን በመዳፉ ዱካ ላይ አሳረፈች። «ወድቆ ነበር» አለች፤ «ማን አነሣው?»

አመሻሹ ላይ የሐዘን ሙዚቃው ጀመረ። «ደሞ ማን ሞተ?» እያልን ደጅ ወጣን።

«ቬንደሊን ሆላን፣ የኦቲሊያ ባል፣ የካቲት ላይ አርፏል» አለ ድምፅዋ። ማይኩን ግን አልዘጋችውም፤ ትንፋሽዋ በየምሰሶው ይሰማ ነበር። «ሰማህ ቬንዶ? ሞተሃል እኮ። ደክሞሃል። ዛፎቹን ተዋቸውና ሂድልኝ።»

ያን ጊዜ ከታች ከኦቲሊያ ጓሮ ቅርንጫፍ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። ነፋስ አልነበረም። ገብቼ በሬን ቀረቀርኩ።

ዓርብ ጠዋት የሷም አበባ እንደኛው ተቃጥሎ ነበር። ሣሩ ከአጥር እስከ አጥር ነጭ ነው፤ ማንም አልረገጠውም። ኦቲሊያ እኔ ደጅ ቆማለች፤ እጆቿን የት እንደምታደርግ ጠፍቷታል።

«ፊሎሜና፣ ባሌ ዛሬ ሌሊት ሞተብኝ» አለችኝ። «ለቅሶ አትደርሺኝም?»

የካቲት ላይ ቀብረነዋል አላልኳትም። ምድጃዬን አጥፍቼ አብሬያት ሄድኩ።